ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ

የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ ያስቀመጣቸውን የድሮ ፎቶግራፎች የሚያገላብጥ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በፎቶው ላይ ነው። የእኔ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቅንፉ ይሄዳል። ከብዙ ፎቶዎች ሥር ያለው ርእስ፣ አንዳንዴም ዘመኑ፣ በማዕዘን ቅንፍ ተከቧል። ምልክቱ የሚናገረው ይህን ነው፦ «ይህ ቃል ፎቶው ላይ ተጽፎ አላገኘሁትም፤ እኔ መዝጋቢው አይቼና መርምሬ የሰጠሁት ነው።» ከቅንፉ ውጭ ያለው የፎቶ አንሺው ወይም የባለቤቱ ቃል ስለሆነ የፊደል ግድፈት ቢኖርበት እንኳ እንዳለ ይቀመጣል። ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ የዘለለው ቃል እንዳለ ሲያውቅ ምልክት አድርጎ በመስመሮቹ መሐል ወይም በኅዳጉ ያስገባዋል፤ እንዳልተሳሳተ ለመምሰል አይሞክርም። የቅንፉም ጨዋነት ከዚያው ወገን ነው።

ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ የሚወራው ስለ ሕንፃውና ስለ መጽሐፉ ብዛት ነው። ውስጥ ስላለው የእጅ ሥራ የሚያወራ እምብዛም የለም። እኔ ላወራ የፈለግሁት ስለ ሁለት ሥራዎች ነው። አንደኛው የአንድ ከተማ ሰው አንድ መጽሐፍ አብሮ እንዲያነብ ማድረግ፣ ሁለተኛው የአካባቢን የድሮ ፎቶ በስካነር ገልብጦ ማኖር። ከሩቅ ለሚያያቸው አይገናኙም። ጠጋ ሲሉ ግን የሁለቱም ችሎታ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በእጅ ባለው ነገር ላይ የራስን አለመጨመር። ሲያትል ከተማን የመረጥኩት አንደኛው ሥራ እዚያ ስለተጀመረ፣ ሁለተኛውም እዚያ በቅርብ ስለሚታይ ነው። የእኛም ሰው በመሐሉ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1998 (ሌሎቹም ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ናንሲ ፐርል በሲያትል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለውን የዋሽንግተን የመጽሐፍ ማዕከል ይመሩ ነበር። «ሲያትል በሙሉ አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ?» የሚል ሐሳብ አመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠው የራስል ባንክስ «ዘ ስዊት ሂርአፍተር» ነበር። ልብ ወለዱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ ብዙ ልጆች ስለሞቱባት ትንሽ ከተማ ይተርካል። ለደስታ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም፤ የምርጫው ብልሃትም እዚህ ላይ ነው። ታሪኩን አራት ሰዎች እየተፈራረቁ ይናገሩታል፣ እያንዳንዱ ከቆመበት ቦታ የታየውን ብቻ። ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ደራሲው ፍርድ አይሰጥም። ፍርድ ያልተሰጠበት ጉዳይ ደግሞ ሰውን ያነጋግራል። አንብቦ የጨረሰ ሰው «ግሩም ነው» ብሎ ዝም የሚልበት መጽሐፍ ለራሱ ይበቃዋል፤ ለከተማ ግን አይሆንም።

ምርጫ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ኒው ዮርክን ይጠይቅ። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» አንሥታ ነገሩ ከሠመረላት በኋላ ኒው ዮርክም በ2002 ልሞክር አለች። አስመራጮቹ በቻንግ ሬ ሊ «ኔቲቭ ስፒከር» እና በጄምስ ማክብራይድ «ዘ ከለር ኦፍ ዋተር» መካከል ተከፋፍለው ሳይስማሙ ቀሩ። ያን ሁሉ ደራሲና አሳታሚ ያቀፈችው ከተማ አንድ መጽሐፍ መምረጥ አቃታት። እኔ አልፈርድባቸውም። መጽሐፍን እንደ ከተማ ዓርማ ሊመርጡት ከተነሡ ጠብ አይቀርም፤ ፐርል ግን የፈለጉት ለወሬ መነሻ የሚሆን መጽሐፍ ነበር።

የእኚህ ሴት ሌላው ሥራ ይበልጥ ይገርመኛል። አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው ይላሉ፤ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ቦታና ዘመን፣ ቋንቋ። አንዱ ገጽ ለመግለጥ የሚቸኩለው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ነው፤ ሌላው ሰዎቹን ስለወደደ፤ ሦስተኛው አገሩን ለማየት፤ አራተኛው ለዓረፍተ ነገሩ ጣዕም። ጥሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ «ምን ላንብብ?» ተብሎ ሲጠየቅ እሱ የወደደውን አያሸክምም፤ ጠያቂው የሚገባበትን በር ያጣራል። ያልጣመህን መጽሐፍ እስከ 50ኛው ገጽ ታገሠው፣ ከዚያ ተወው የሚል ደንብም አላቸው። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ዕድሜውን ከ100 ቀንሶ በሚያገኘው ቁጥር ልክ ገጽ ካነበበ ይበቃዋል። የ80 ዓመት አዛውንት 20 ገጽ አንብበው መዝጋት ይችላሉ ማለት ነው። ጀምሮ አለመጨረስን እንደ ነውር ለሚቆጥር የእኛ ዓይነት አንባቢ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። (በ2003 አንድ የመጫወቻ ኩባንያ በእሳቸው መልክ አሻንጉሊት ሠራ፤ ቁልፉ ሲጫን ጣቷን ወደ ከንፈሯ ታነሣለች፣ «እሽሽ» ለማለት። ሥራቸው ሰውን ማናገር ለሆነ ሴት ይህ ዕጣ መድረሱ ያስቃል።)

መርሐ ግብሩ «ሲያትል ሪድስ» በሚለው ስሙ ቀጥሎ በ2008 የዲናው መንግሥቱን «ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» መረጠ። ዲናው በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ደራሲ ነው። የመጀመሪያው በሆነው በዚህ ልብ ወለድ ዋናው ሰው ስጳ እስጢፋኖስ፣ አባቱ በቀይ ሽብር ዘመን የተወሰዱበት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ሎጋን ሰርክል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ስደተኛ ነው። ከኬንያና ከኮንጎ የመጡ ሁለት ጓደኞች አሉት፤ ሦስቱ ተሰብስበው የአፍሪካን አምባገነኖችና መፈንቅለ መንግሥቶች እየጠሩ ይጫወታሉ። አንዷ ነጭ ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ወደ ሰፈሩ ትመጣለች፣ ሰፈሩም እየተወደደ ነባሩን ሰው መግፋት ይጀምራል።

ይህ ታሪክ ለሲያትል ሰው የሩቅ አልነበረም። በዚያች ከተማ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ለረጅም ጊዜ የጥቁር አሜሪካውያን መኖሪያ ነበር፤ ሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈተውም እዚያና በአቅራቢያው ነው። ያም ሰፈር በዚያው ሰሞን የቤት ዋጋ እየናረ ነዋሪው እየተቀየረ ነበር። በሰፈሩ መሐል የቆመው ዳግላስ ትሩዝ ቅርንጫፍ በ1914 ተከፍቶ በ1975 የአሁኑን ስም ያገኘ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የተጻፉ መጻሕፍትን ለይቶ የሚያኖር ቤተ መጻሕፍት ነው። የመራጮቹን እጅ የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሲያትል ሰፈር ማነጋገር ሲቻል ስለ ዲሲ ሰፈር የሚተርክ መጽሐፍ አነሡ። በገዛ ቤቱ ጉዳይ ፊት ለፊት ሲጠይቁት የሚቆጣ ሰው ስለ ስጳ ሱቅ ሲጠየቅ ይናገራል፤ ሳያስበውም ስለ ራሱ ይናገራል።

መጽሐፉ ውስጥም አብሮ ማንበብ አለ። ስጳና የዚያች ነጭ ሴት ትንሽ ልጅ ናኦሚ ገዢ በሌለበት ሱቅ ተቀምጠው የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ያነባሉ። ለዕድሜዋ የማይመጥን መጽሐፍ ነው፤ ግን ማንም «ከፍ ስትዪ ታነቢዋለሽ» አላላትም። የቤተ መጻሕፍት ውይይት ጥሩ ሲሆን የሚመስለው ይህንን ነው። ውይይቱን የሚመራው ሰው ችሎታ የሚለካው በሚናገረው ልክ አይደለም። «ደራሲው ሊያስተምረን የፈለገው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር ውይይት ፈተና ይሆናል፤ እኛ ትምህርት ቤት የለመድነው ነው። «ስጳ ሱቁን ጥሎ የወጣበት ቀን ላይ ምን አያችሁ?» ሲባል ግን ሁሉም ገጹን መልሶ ይገልጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን ጠያቂው ይዞታል፤ ሁለተኛው መልሱን መጽሐፉ ውስጥ ይተወዋል።

አንዲት ትንሽ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ዲናው የሚገኘው በአባቱ ስም ነው፤ መንግሥቱ፣ ዲናው። ሐዲስ ዓለማየሁን የፈለገ ግን ዓለማየሁ ብሎ ቢሄድ አያገኛቸውም፤ ሐዲስ ብሎ ነው። ግራ የተጋባ ሥራ አይደለም፤ በደንብ የታሰበበት ነው። አሜሪካ ያደገው ደራሲ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይጠቀምበታል፣ አገር ቤት የጻፉት ደራሲ ግን ስማቸው ሐዲስ ነው፣ ዓለማየሁ የአባታቸው ነው። በአየር መንገድ፣ በባንክና በሆስፒታል ስማችን ተገልብጦ ስንጠራ ለኖርን ሰዎች፣ አንድ የማናውቀው መዝጋቢ ቁጭ ብሎ ይህን መለየቱ ክብር ነው።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ቨርነር ሌንገንሃገር ከስዊዘርላንድ መጥተው በቦይንግ የሠሩ ሰው ነበሩ። ፎቶ ማንሣት መተዳደሪያቸው አልነበረም። ግን በሲያትልና በዙሪያዋ እየዞሩ አሮጌ ቤቶችን፣ መንገዶችን፣ የ1962ቱን የዓለም ኤግዚቢሽን ሲያነሡ ኖረው ወደ 30,000 የሚጠጋ ፎቶ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሰጡ። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ቤቶች ዛሬ የሉም። ሲያትል ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ዴኒ ሂል የሚባል ኮረብታ ነበራት፣ አፈሩን በውኃ እያጠቡና በማሽን እየዛቁ እስከ 1930 ደልድለው ጨረሱት። ኮረብታው ዛሬ ያለው በፎቶ ብቻ ነው።

ዘመን ያልተጻፈበትን ፎቶ ዘመን ማውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከከተማው በላይ ስፔስ ኒድል የሚባለው ማማ ከቆመ ፎቶው ከ1961 ወዲህ ነው፤ ማማው በሚታይበት አቅጣጫ ተነሥቶ ከሌለ ከዚያ በፊት ነው። የድሮው የኤሌክትሪክ ባቡር በመንገዱ ላይ ሲሄድ ከታየ ከ1941 አያልፍም፣ በዚያ ዓመት ቆሟልና። የመኪናው ሞዴል፣ ታርጋው፣ የሱቁ ማስታወቂያ፣ በማስታወቂያው ላይ ያለው የስልክ ቁጥር ስንት አኃዝ እንዳለው፣ ሁሉም ምስክር ነው። መርምሮ ሲያበቃ ጥሩ መዝጋቢ «1953» ብሎ አይደመድምም፤ «[ከ1950 እስከ 1960 ባለው]» ይላል። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። አንድ ቁርጥ ያለ ዓመት መጻፍ ሊቅ ያስመስላል፤ አሥር ዓመት መጻፍ ግን እውነቱን ያቆያል።

ከዚያ በፊት ግን ስካነሩ አለ። ሥራው ሲታይ አሰልቺ ነው፤ እኔ ሳየው አልጠግብም። ፎቶውን የሚይዘው እጅ የላስቲክ ጓንት አጥልቋል፤ የጥጥ ጓንት ክር ይጥላል፣ የፎቶውንም ጠርዝ ይነክሳል። አቧራው የሚነሣው በለስላሳ ብሩሽ ወይም በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ ነው፤ በትንፋሽ አይሆንም፣ ምራቅ ይረጫል። ወረቀት እየሳበ የሚያስገባ የቢሮ ማሽን አይነካውም፤ ፎቶው በጠፍጣፋው መስታወት ላይ ይተኛል። ከአጠገቡ የቀለም መለኪያ ካርድ ይቀመጣል፤ ዛሬ ያለውን ቀለም ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያይ ሰው ማሽኑ የጨመረውን ከፎቶው ለይቶ እንዲያውቅ። ጠርዙ አይቆረጥም። የተጠማዘዘው ጥግ፣ የተሸረፈው ዳር፣ በነጩ ክፈፍ ላይ ያለው የጣት አሻራ ሁሉ ይገባል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች አንዲት ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ ስትነበብ ወደ 26 ሜጋባይት የሚሆን የቲፍ ፋይል ይወጣታል። ያ ዋናው ነው፤ ማንም አይነካውም። በኢንተርኔት የምናየው ከእሱ የተቀዳ ቀላል ጄፔግ ነው።

የ1970ዎቹ የቀለም ፎቶ ያለው ሰው ሁሉ እንዳየው ምስሉ ወደ ቀይ ይሄዳል። ሰማያዊውን የሚሰጠው ቀለም በአልበም ጨለማ ውስጥ እንኳ ቀድሞ ስለሚደክም ነው። ሰማዩ ሐምራዊ፣ የሰርገኛው ነጭ ልብስ ሮዝ ይሆናል። ኮምፒውተር በአንድ ጠቅታ «ያስተካክለዋል»። ሙያተኛው ግን ዋናውን ፋይል እንደ ቀላ ያኖረዋል፤ ማስተካከያውን በቅጂው ላይ ይሠራል፣ መሥራቱንም ይጽፋል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ የሚያልቅበትን ነገር ልናገር። በፌስቡክ የዓድዋ ዘመን ፎቶ በኮምፒውተር ቀለም ተቀብቶ ሲዞር «ሕይወት ዘራበት» እየተባለ ይወደሳል። የካባው ቀይ፣ የጥልፉ ወርቃማ ከየት መጣ? ከማሽኑ ግምት ነው። ልጆቻችን ነገ ያንን ቀለም እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። ከሥሩ «ቀለሙ ግምት ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ቅሬታዬ ግማሹ ይቀንስ ነበር።

ከሁሉም የምወደው የፎቶውን ጀርባ የሚገለብጥ ባለሙያ ነው። ብዙ ሰው ስካን የሚያደርገው ፊቱን ብቻ ነው። የእኛ አገር ፎቶ ግማሽ ታሪኩ ያለው በጀርባው ነው፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማስታወሻ» የምትል ቃል፣ የሰጪና የተቀባይ ስም፣ ቀን። እንበልና የአንዲት ወጣት ፎቶ ጀርባ 12/3/67 የሚል ጽሑፍ አለው። አሜሪካዊው መዝጋቢ ወርን ከቀን ስለሚያስቀድም ዲሴምበር 3 ቀን 1967 ብሎ ያነበዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው ላይ ባሉበት ዘመን መሆኑ ነው። ልጅቷ የጻፈችው ግን ኅዳር 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1974። ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ሥልጣን ይዟል፣ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ሊረሸኑ ሁለት ቀን ቀርቷል። የፊቷ ፈገግታ በሁለቱ ቀኖች መሐል አንድ ዓይነት አይነበብም። ጥሩ መዝጋቢ 12/3/67 የሚለውን እንዳለ ይገለብጣል፣ ፊደሉ አማርኛ መሆኑን ሲያይ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፣ የተመለሰውን ቀን በቅንፍ ያስገባል።

መጠየቅ የሥራው አካል መሆኑን ትልልቆቹም አምነዋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በጥር 2008 ከ3,000 በላይ ፎቶዎችን ፍሊከር በሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ አውጥቶ ሕዝቡ የሚያውቀውን እንዲጽፍ ጋበዘ። ሰዎች ሕንፃ ለዩ፣ ስም አስተካከሉ፣ ቦታ ጠቆሙ፤ ባለሙያዎቹም እያጣሩ ወደ መዝገባቸው አስገቡ። ሲያትል ዲናውን ያነበበችው በዚያው ዓመት ነበር። አንዱ ጋ ብዙ ሰው አንድ መጽሐፍ ያነብ ነበር፣ ሌላው ጋ ብዙ ሰው አንድ ፎቶ። በአገር ቤትም «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል ሥራ የጀመሩ ወጣቶች የቤተሰብ አልበሞችን ከነትዝታቸው ሰብስበው በ2018 መጽሐፍ አውጥተዋል። በዲሲ ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ከ2016 ጀምሮ «ሜሞሪ ላብ» የሚባል ክፍል አለው፤ ማንም ሰው የቪዲዮና የድምፅ ካሴቱን፣ ፎቶውንና ኔጋቲቩን ይዞ መጥቶ በነጻ ወደ ዲጂታል ይገለብጣል። ከስጳ እስጢፋኖስ ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ ከአዲስ አበባ አልበም ይዞ የተሰደደው ሰውም በዚያ ከተማ ዙሪያ ነው የሚኖረው።

አልበም ያላችሁ አንባቢዎች፣ እናታችሁና አባታችሁ፣ አክስትና አጎታችሁ በሕይወት ሳሉ ቁጭ አድርጋችሁ አገላብጡት። ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ፣ ማን እንዳነሣው ጠይቁ። በለስላሳ እርሳስ በጀርባው ዳር ላይ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.»፣ በፈረንጅ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» በሉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ከአልበሙ የተጣበቀውን በግድ አትላጡት፤ ከነገጹ አስነሡት። ስካን ስታስደርጉም ጀርባውን አትርሱ።